የቁልፍ ሠሪው በር

በሰፈሩ ውስጥ እንደ ቁልፍ ሠሪው በር የሚያሳፍር በር አልነበረም። ይህን የሚለው ጠላቱ አይደለም፤ እሱ ራሱም ያውቀዋል። የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ቤቷን ለተማሪ የምታከራየው መበለት ሳትቀር ቤታቸውን የሚያስጠብቁት በእሱ እጅ ነው። የእሱ በር ግን ፊቱ የተፋቀ፣ አፉ የሰፋ፣ እጀታው እንደ አሮጌ ጥርስ የሚነቃነቅ መቆለፊያ ተሸክሞ ዘመኑን ገፍቷል። ጎረቤቶቹ «የእርስዎን ቤት ለመክፈት እኮ ሌባ አያስፈልግም፤ ጠንከር አድርጎ ማሳል ይበቃል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ያኔ እንዲህ ያለ ቀልድ የማይከፋው ሰው ነበር።

ሱቁን ሱቅ ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል። በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል የተረሳች ክፍተት ናት፤ ደንበኛ ሲገባ ባለቤቱ ጎኑን አዙሮ ካልሆነ አይተላለፉም። በአንድ በኩል ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ አለ፤ በሌላው በኩል ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለዋል። ቁልፍ በቀረጸ ቁጥር የሚበነው የነሐስ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ያርፋል፤ ሲታጠብ ውሃው ቢጫ ይሆናል። ሚስቱ ትራሱን እያራገፈች «ወርቅ አገባሁ ብዬ ነሐስ ሆኖ ተገኘ» ትለው ነበር።

ለቤቱ ብቻ የሚጠብቃት አንድ ወግ ነበረችው። ለልጆቹ ቁልፍ በማሽን አይቀርጽም። ልጅ ብቻውን ወጥቶ የሚገባበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ወደ ሱቁ ያመጣዋል፤ በርጩማ ላይ ያስቀምጠውና ቁልፉን ጥርስ በጥርስ በሞረድ እየፋቀ ያሳየዋል። ሴቷ ልጁ ተራዋ ሲደርስ ተቀምጣ አየች፣ ተቀበለች፣ ስማው ሄደች። ወንዱ ግን በማየት የሚረካ ፍጥረት አልነበረም፤ እኔ ልፋቀው አለ። አባትየው የመጨረሻዋን ጥርስ ተወለት። ልጁ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ፋቀ፤ ፋቀና አሳለፈው። ጥርሷ ከሚገባው በላይ ጠለቀች። ቤት ወስደው ሲሞክሩት ቁልፉ ገባ እንጂ አልዞረም።

የልጁ ዓይን እንባ አቀረረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትኛውም ቁልፍ ሠሪ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የተበላሸውን ይጥላል፣ ሌላ ይቀርጻል። እሱ ግን ካቻቢቴውን አነሣና መቆለፊያውን ከበሩ ላይ ፈታው። በሆዱ ውስጥ ከተደረደሩት ደቃቅ የነሐስ ዘንጎች የመጨረሻዋን በወረንጦ አወጣና በቦታዋ ለጠለቀችው ጥርስ የምትስማማ ረዘም ያለች አስገባ። መልሶ ገጠመው። «በል አሁን ሞክረው» አለ። ልጁ ሞከረው፤ ዞረ። ከዚያ የሚስቱንም፣ የሴት ልጁንም፣ የራሱንም ቁልፍ በዚያው በተበላሸው ቁልፍ ልክ እንደገና ቀረጸ። ሚስቱ አንድ ቁልፍ ተበላሸ ተብሎ በር ይቀየራል ወይ ብላ ብትስቅበት «ታዲያ ልጁን የት አባቴ ልቀይረው?» አላት። ልጁም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሞረድ» የሚል ስም ወጣለት፤ ቤቱም በእሱ ስህተት ልክ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖረ።

ሞረድ አደገ፤ እጁም ከአባቱ እጅ በለጠ። አባትየው ራሱ ይህን አፉን ሞልቶ ይናገር ነበር። ልጁ መቆለፊያውን ጆሮው ሥር አድርጎ፣ በቀጭን ሽቦ እየዳሰሰ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብሎ ያስከፍተዋል። እንዲህ ያለ እጅ በደህና ሰው ላይ ሲያርፍ እንጀራ ነው። ሞረድ ግን ጓደኛ አበዛ፤ መጠጥ ለመደ፤ ከመጠጥ የባሰውንም ለመደ። ዝርዝሩን እዚህ መደርደር አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት ያውቀዋል፤ የሌለበትም ባያውቀው ይሻለዋል።

አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወደ ሱቁ መጣና ቤቱ መዘረፉን ተናገረ። በሩ አልተሰበረም፤ ተከፍቶ ተዘርፎ መልሶ ተዘግቷል። ቁልፍ ሠሪው መቆለፊያውን ፈትቶ አገላብጦ አየው። ጭረት እንኳ የለበትም። በዚያ ሁሉ ሰፈር እንዲህ አድርጎ የሚከፍት እጅ አንድ ብቻ ነበር፤ ያንን እጅ ያሠለጠነው ደግሞ እሱ ነው። ሰማይ ምድሩ ተደፋበት። ማንም ሳይጠይቀው «ልጄ ነው» አለ።

ሞረድ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ተመልሶ ያው ሆነ። ደንበኛውም ሸሸ። ለቁልፍ ሠሪ የሚሰጠው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሰው ልብሱን፣ ልጁን፣ እንቅልፉን ጭምር ነው አምኖ የሚሰጠው። እምነቱ ሲሄድ ከሥራው የሚቀረው የቅባት ሽታ ነው። በዚህ ላይ ሚስቱ ታመመችና አልጋ ያዘች። ልጁ ቤት መኖር ከተወ ቆይቷል፤ ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ ስለነበር አባቱ ሱቅ ሲውል ጠብቆ ብቅ ይል ነበር። እናትየው አልጋዋ ላይ ሆና መምጣቱን ታውቃለች። ወደ ቤታቸው የሚወጣው በውጭ በኩል ባለ የእንጨት ደረጃ ነው፤ የላይኛዋ ሳንቃ ላልታለች፤ እሷ ሲጥ ስትል፣ ቀጥሎ ቁልፉ ሲዞር የእናትየው ፊት ይበራል። ግንባሯን ይስማታል፣ ውሃ ያቀብላታል፣ ትራሷን ያስተካክልላታል። ሲወጣ ግን አንድ ነገር ይዞ ይወጣል። ራዲዮኑ ሄደ። ትልቁ ክብ የግድግዳ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ፣ ጣቷ ሲከሳ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችው የጋብቻ ቀለበቷ ሄደ። ባሏ ሲጠይቃት ዓይን ዓይኑን እያየች እኔ ነኝ የሰጠሁት አለችው። አላመናትም፤ አላሳፈራትምም።

ልትሞት ሰሞን ድምፅዋ ደክሞ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እጁን ያዘችና «በሩን እንዳትቀይርበት» አለችው። እሺ አላት። ሌላ የተናዘዘችው ነገር የለም።

ልጁ ቀብሯ ላይ አልታየም። ከግንቡ ማዶ ቆሞ አይተነዋል ያሉ ነበሩ፤ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ቁልፍ ሠሪው ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ቀድሞ ከእሷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከፊት ይቀመጥ የነበረው ሰው አሁን እሑድ እሑድ ቅጥር ግቢው ድረስ ይሄድና በግድግዳው ጥግ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ወደ ውስጥ አይገባም። መቅረት አልሆነለትም፤ መግባትም አቃተው። የሚስቱን ነፍስ ለምኖ ነበር፤ አልተሰጠውም። የልጁን መመለስ ለምኖ ነበር፤ ምላሱ እስኪደርቅ ለምኖ ነበር፤ ያም አልሆነም። በዚያ ላይ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እዚያው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እግዚአብሔርን ሰልችቼዋለሁ፣ ፊቱን አዙሮብኛል ብሎ ቁርጡን ይዟል። ሐዘኑ እንባ የሌለው ደረቅ ሐዘን ነበር፤ ሲበላም ሲሠራም ከጎኑ የማይጠፋ።

አንድ ቀን ቄሱ የቤተ ክርስቲያኑን የዕቃ ቤት መቆለፊያ ይዞ ሱቁ መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ዕድሜው ከሞረድ ቢበልጥ በትንሽ ነው። ቁልፍ ሠሪው ልጁ ሊሆን የሚችለውን ሰው «አባቴ» እያለ መቀመጫ ሰጠው። ቄሱ መቆለፊያው እስኪፈታ ድረስ ዞር ዞር አለና ለምን ውጭ እንደሚቀመጥ ጠየቀው። ከዚያም የእግዚአብሔር ፍቅር እንደ ሰው ፍቅር እንደማይደክም፣ ሰው ቢከዳው እንኳ እንደማይከዳ ነገረው። በስብከቱ ቀን እንደሚናገረው ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ እንደ ማፈርም እያለ ነው የተናገረው።

«አባቴ፣ ይሄን ለሌላ ሰው ይንገሩት» አለ ቁልፍ ሠሪው ከሥራው ቀና ሳይል። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መቆለፊያ ስቀይር የኖርኩ ነኝ። ባለቤት የሆነ ሰው አንዴ ሆዱ ከቆረጠ ያስቀይራል። እሱም ቀይሮብኛል። አልፈርድበትም።»

ቄሱ «ገብተው ሞክረው ያውቃሉ?» አለው።

ቁልፍ ሠሪው ነገሩ ከነከነው። የሚስት ሬሳ ተሸክሞ የማያውቅ ልጅ ምን ያውቃል ብሎ በሆዱ አጉረመረመ። መቆለፊያውን ጠግኖ፣ ቅባት ጠብ አድርጎለት፣ ቄሱን እስከ መንገዱ ሸኘው።

በዚህ መካከል ሴቷ ልጁ ገና መሄድ የጀመረች ሕፃኗን ይዛ ከአባቷ ጋር ልትኖር መጣች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤት የሚሆንበት ቀን ከማይሆንበት ያንሳል። ለአባቷም ለራሷም ጥሩ ሆነ። ቤቱ እንደገና ድምፅ አገኘ፤ ሽማግሌውም ሕፃኗን አንገቱ ላይ አስቀምጦ ሲሄድ አንዳንዴ ራሱን ይረሳ ነበር። አንድ ረፋድ ግን ልጅቷ ሕፃኗን አስተኝታ በሩን ቆልፋ ማዶ ካለው ሱቅ ሳሙና ለመግዛት ወረደች። ጥቂት ነው የቆየችው። ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የምግብ ማብሰያ ምድጃው የለም፤ አልጋው ባዶ ነው። ሕፃኗን ያገኘቻት ከደረጃው ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ጠርዝ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ስትስቅ ነበር። ሞረድ ሕፃን መኖሯን እንኳ ያወቀ አይመስልም፤ በሩን ሳይዘጋ ሄዷል።

ልጅቷ አልጮኸችም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ አባቷ እስኪመጣ ጠበቀችና «አባዬ፣ ወይ መቆለፊያውን ትቀይራለህ፣ ወይ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» አለችው። እውነቷን ነው። በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኖሮ እሱ ራሱ ሳያድር ቀይሩት ብሎ ይመክር ነበር። ለሞተችው እሺ ብሏል፤ በሕይወት ያለችው ደግሞ ፊቱ ቆማለች። ሌሊቱን ሲገላበጥ አነጋ፤ በነጋታው ከሱቁ ያለውን ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ መቆለፊያ አወረደ።

ሊገጥመው አንሥቶ ግን አልገጠመውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሆዱን ከፈተው። የነሐስ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ አወጣ። የራሱን አሮጌ ቁልፍ፣ በልጁ ስህተት ልክ የተቀረጸውን፣ ከጎኑ አጋድሞ ለእያንዳንዷ ጥርስ የምትስማማ ዘንግ መረጠ። ለጠለቀችው ጥርስ ረዥሟን። እጁ ይህን ሲሠራ ልቡ አያዘውም ነበር፤ እጁ በራሱ የሚሄድ ይመስል ነበር። ሲጨርስ የመቆለፊያው ፊት አዲስ፣ ሆዱ ግን የድሮው ሆነ። ማንም የማያውቀውን ነገር እሱና መቆለፊያው ብቻ አወቁ። ቤት ወስዶ ገጠመው፤ ለልጅቷም የሚያብለጨልጭ አዲስ ቁልፍ ሰጣት። አቅፋ ሳመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ተኛች።

አታለላት፤ ሌላ ስም የለውም። ሕፃኗን ለአፍታ ብቻዋን እንዳትተዋት ደጋግሞ ይለምናት ነበር፤ በውስጥ በኩልም መቀርቀሪያ ጨመረ፤ ግን ይህ ሁሉ ውሸቱን አያሳንሰውም። አሮጌውን መቆለፊያ ለብረት ለቃሚው ሰጠው። ልጁ ሲመጣ ቁልፉን ይሞክረዋል፣ ሲሞክረውም ያውቃል ብሎ አሰበ። ዕድሜውን ሙሉ የመቆለፊያን ሆድ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ሌላው ሰው የሚያየው ፊቱን መሆኑን ረሳ።

ቀኑ የመጣው ቁልፍ ሠሪው ጉንፋን ይዞት ከሥራ በቀረበት ዕለት ነው። ልጅቷ ሕፃኗን አዝላ ገበያ ወጥታለች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው እግር ላይ ደርሳለች። ሸለብ ሊያደርገው ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማ። ልቡ ቀድሞ አወቀ። ኮቴው ቀስ እያለ ወጣ፤ የላይኛዋ ሳንቃ ሲጥ አለች፤ ከዚያ ዝም።

ሽማግሌው ትንፋሹን ያዘ። «ግባ፣ ልጄ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ለምን እንዳልተናገረው በኋላ ራሱን እስኪሰለቸው ድረስ ጠይቋል። ከጠራሁት ይደነግጥና ይሮጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። ከዚያም በላይ ግን ልጁ ቁልፉን ከትቶ፣ ሲዞርለት፣ አባቱ በሩን እንዳልቀየረበት በገዛ እጁ እንዲያውቀው ፈልጎ ነበር። ያቺን ድምፅ መስማት ፈልጎ ነበር፤ ቁልፍ ገብቶ ሲዞር የሚያሰማትን ድምፅ፣ ሚስቱ አልጋ ላይ ሆና ፊቷ የሚበራባትን። ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ፀሐይዋ ብርድ ልብሱ ላይ ፈቀቅ ያለች መሰለው። ምንም አልመጣም።

ሳንቃዋ እንደገና ሲጥ አለች፤ ኮቴው መውረድ ጀመረ።

ያኔ ዘሎ ተነሣ። ብርድ ልብሱ እግሩ ላይ ተጠመጠመበትና ወደቀ፤ ተነሥቶ በሩ ጋ ደረሰ፤ ለሌባ ብሎ በገዛ እጁ የገጠመው መቀርቀሪያ አልታዘዝ አለው። በሩን ሲከፍት ደረጃው ባዶ ነው። «ሞረዴ!» ብሎ ተጣራ። ድምፁ በጉንፋኑ ታፍኖ ከግቢው አልወጣም። በባዶ እግሩ እስከ መንገዱ ወረደ፤ ወዲያም ወዲህም አየ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሌላ ሰው ልጅ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ከመስኮቷ ስታየው ነበር። ወጣችና ነጠላ ጫማ ሰጠችው፤ ያየችውንም ነገረችው። ከስቷል አለች፤ ግን ታጥቧል፣ ጸጉሩን አበጥሯል፣ የለበሰው ንጹሕ ሸሚዝ ነው። ደረጃውን ወጣ፤ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ መቆለፊያውን ሲያይ ቆመ። በአውራ ጣቱ ፊቱን ዳበሰው። እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ፣ መልሶ አዲሱን መቆለፊያ አየ። ረዘም ላለ ጊዜ እንደዚያ ቆሞ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወረደ። በብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ክብ ነገር ይዞ ነበር፤ ይዞት ተመለሰ።

የግድግዳው ሰዓት ነው። ከየት ፈልጎ እንዳገኘው፣ ምን ከፍሎ እንዳስመለሰው እግዚአብሔር ይወቅ። እናቱ ቤት ሊመልሰው መጥቶ ነበር። ሽማግሌው የደረጃው ሥር ተቀመጠ።

«ቁልፉን ከተተው እንጂ አልጣለውም?» አላት።

«ከተተው፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ? አልጣለውም?»

«በዓይኔ አየሁት። ኪሱ ነው የከተተው።»

ይህንኑ ደግሞ ደጋግሞ ጠየቃት፤ እሷም ሳትሰለች መለሰችለት። ከዚያ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ጉንፋኑ ሳይለቀው ፍለጋ ወጣ። መጠጥ ቤቶቹን፣ አውቶቡስ ተራውን፣ የቀን ሠራተኞች ቆመው የሚጠብቁበትን አደባባይ ዞረ። ሞረድን የሚያውቁ ብዙ ነበሩ፤ ዕዳ አለበት የሚሉም ነበሩ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን የለም። በመጨረሻ አንድ ተሸካሚ ራቅ ወዳለ አገር ለሥራ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ሲሳፈር አይቼዋለሁ አለው። ተሸካሚው ወዴት እንደሆነ አልጠየቀም፤ ምን ብሎ ይጠይቃል፣ የእሱ ልጅ አይደለም። ቁልፍ ሠሪው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወሽመጡ ተቆርጦ ነበር።

ከዚያ የሠራውን ሥራ ያየ ሰው አእምሮውን ስቷል ቢል አይፈረድበትም። የብርጭቆ ወረቀትና ሞረድ ይዞ በሩ ፊት ተንበረከከና አዲሱን መቆለፊያ ይፍቀው ጀመር። የሚያብረቀርቀውን አደበዘዘው፤ ጠርዙን ሸራረፈው፤ አፉ ዙሪያ የቁልፍ ጭረት የሚመስል ጭረት አበዛበት፤ ጥቁር ቅባት በጨርቅ አሸው። ልጅቷ ከታች መጥታ ከኋላው ቆመች። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችው። አሮጌ እንዲመስል ነው አላት።

ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ቦርሳዋን ከፈተችና እናቷ በቀይ ክር ያሰረችላትን የድሮ ቁልፏን አወጣች፤ ለመታሰቢያ ብላ አልጣለችውም ነበር። አባቷን ፈቀቅ አድርጋ ከተተችው። ዞረ። እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ከመጀመሪያውም?» አለች።

«ከመጀመሪያውም።»

«ልጄ እዚህ ቤት ተኝታ፣ አባዬ?»

ሽማግሌው ከተንበረከከበት አልተነሣም። «አንቺ ብዙ በር አለሽ» አለ። «እሱ ከዚች ቁልፍ በቀር ምንም የለውም።»

«እኔም አባት አለኝ ብዬ ነበር» አለች።

ይህ ነገር አንጀቱን ቆረጠው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሽማግሌም አያስታርቀው። ልጅቷ ሳምንቱ ሳያልቅ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ባሏ እኅት ቤት ሄደች። ስትወጣ ጉንጩን ሳመችው፤ ስሞሽዋ ግን ለባዳ የሚሰጥ ዓይነት ነበር። አዲሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ሄደች። ቀይ ክር ያለበትን አልተወችውም።

ቤቱ ጭር አለ። ቁልፍ ሠሪው ጠዋት ወደ ሱቁ ሲሄድ የደከመ በሩን ይቆልፋል፤ ሲመለስ ይከፍታል፤ ግድግዳው ላይ ሰዓቱ የነበረበትን ክብ ነጭ ቦታ ያያል። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣል። ፖስተኛ ነው፣ ውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ነው፣ ድመት ነው።

እሑድ እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ወጣ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሲያልፍ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለው። ግቢው ባዶ ሲሆን ንፋስ በሩን ገፍቶ ዘጋው። ቁልፍ ሠሪው በሩን አየው። መቆለፊያውን የገጠመው እሱ ነው፤ ቀን ቀን እንደማይቆለፍ ከማንም በላይ ያውቃል። የቄሱ ጥያቄ ትዝ አለው። ከጥያቄው ጋር ያቺ ዝምታ ተመልሳ መጣች፤ አልጋው ላይ ሆኖ ትንፋሹን ይዞ የሰማት ዝምታ፣ ከበሩ ማዶ ልጁ ቆሞ ሳለ።

እሱ እንዲህ ነበር የጠበቀው። ጆሮውን አቁሞ፣ ምንም ሳይናገር፣ ሞክረው፣ እባክህ ሞክረው እያለ። ታዲያ እዚህስ? በየእሑዱ አንድ የሽማግሌ ኮቴ በግቢው በር ገብቶ፣ እስከ ድንጋዩ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ ሲመለስ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ ካለ? ፊቱን አዙሮብኛል ብሎ ያልሞከረውን ሰው፣ ሆዱ እንዳልተለወጠ ሊነግረው ያቃተው ካለ? አንድ እሑድ አይደለም፤ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ሁሉንም እሑድ። ሽማግሌው አልተጽናናም። ልጁ አልተመለሰም፤ ልጅቷም ሄዳለች፤ የሚስቱም መቃብር እንዳለ ነው። ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እግዚአብሔር አሳዘነው። እንዲያ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያውቀዋላ።

ተነሣ። እጀታውን ጫን አለው፤ ተከፈተ። ማጠፊያው ቅባት ያጣ ነበርና ረጅም ድምፅ አሰማ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ነገር ያበሳጨው ነበር። ገብቶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በሩ ሥር ተቀመጠ። የሚለው ነገር አልነበረውም፤ የሚለምነውም አልነበረውም። የገባው ለዚያ አልነበረም፤ የበሩን ድምፅ ይሰማው ብሎ ነው።